የቅንጡ መኪና ዳሽቦርድና ትሪፕ ኮምፒውተር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ይህን መንገድ አያውቀውም። “ዳሽቦርዴ ይዋሻል” የሚለው ስሞታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከታች የተጻፈው በተለይ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሌክሰስና ላንድክሩዘር ለሚነዱ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙም ድርሻቸውን ያገኛሉ።

ኮምቦልቻ ወርጄ ሳይ “ቀሪ 500 ኪሎ ሜትር” ይላል፤ ደሴ ስወጣ 230 ይሆናል። ጌጁ ተበላሽቶ ነው?

ጌጁ ደህና ነው። መኪናው ቀሪውን ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ በቅርቡ ሲፈጅ ለነበረው መጠን እያካፈለ ነው። ያለፈው መንገድ ቁልቁለት ከነበረ የሚመጣውም ቁልቁለት ይመስለዋል።

በቁጥር እንየው። ሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚፈጅ መኪና 30 ሊትር ቤንዚን ቢኖረው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። ከደሴ ሲወርድ የቅርብ ጊዜው አማካይ ወደ 6 ሊትር ዝቅ ካለ ያው 30 ሊትር 500 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይታያል። ሲወጣ አማካዩ 13 ከደረሰ 230 ይሆናል። እውነቱ መሐል ላይ ያለው 330 ነው።

ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ሜዳ ላይ ከሚፈጀው በተጨማሪ 1.3 ሊትር ገደማ ቤንዚን ያቃጥላል። ቁልቁለቱ ከዚህ የተወሰነውን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም፤ ቀሪው በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ይህ ቁጥር ሰው የሚጎዳው ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ነው። ከደሴ ወርደው ኮምቦልቻ ላይ “500” ያዩ ሰዎች 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ለቀረው መንገድ ይበቃኛል ብለው ማደያውን ያልፋሉ። እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ እውነትም ይመስላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ለከፍታው ብቻ ሌላ 3.5 ሊትር ያህል ይሄዳል፤ ቁጥሩም ደብረ ሲና ላይ በዓይን እያዩት ይቀልጣል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ሲነሱ ቀሪውን ኪሎ ሜትር ይተዉትና ሊትሩን በራስዎ የሜዳ አማካይ ያካፍሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ነዳጁ በጣም ሲያንስ ብዙ መርሴዲሶች ቁጥሩን ጨርሰው ያጠፉና በቦታው የነዳጅ ምልክት ያሳያሉ። ቢኤምደብሊው ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያውን ሳያጠፋ ያቆየዋል። ሁለቱም “አሁኑኑ ቅዳ” ማለታቸው ነው።

ዳሽቦርዱ “ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር” ይላል። እኔ ማወቅ የምፈልገው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው።

100ን በሚታየው ቁጥር ያካፍሉ። 8 ካለ በሊትር 12.5 ይሄዳል፤ 10 ካለ 10፤ 12.5 ካለ 8። ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጥሩ፤ ይህን ገልብጠው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ከፈለጉ ሴቲንግ ውስጥ “ዩኒት” የሚለውን ከፍተው መቀየር ይቻላል።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ማይል በጋሎን ያሳያል። 235ን በዚያ ቁጥር ሲያካፍሉ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ 30 ካለ 7.8 ነው።

አማካዩን እንዴት ነው ዜሮ የማደርገው? ራሱን በራሱ የሚያጠፋውስ ለምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት ቆጣሪ አለ። አንዱ ራሱ ይጠፋል፤ ሌላው እርስዎ እስኪያጠፉት ይቆጥራል።

መርሴዲስ ላይ በመሪው የግራ ቁልፎች “ትሪፕ” የሚለውን ሜኑ ያውጡ። “ከመነሻ” የሚለው ገጽ ሞተሩ ከጠፋ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ በብዙ ሞዴሎች ራሱ ዜሮ ይሆናል። “ከሪሴት” የሚለው እርስዎ ኦኬ ተጭነው እስኪያረጋግጡ ድረስ ይቀጥላል። ቢኤምደብሊው ላይ የፍሬቻው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር ገጹን ይቀይራል፤ አማካይ ፍጆታው ላይ ሲደርሱ ተጭነው ቢቆዩ ይጠፋል። ሌክሰስና ላንድክሩዘር ላይ የትሪፕ ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ “ኤ” ወይም “ቢ” የተባለው ቆጣሪ ዜሮ ይሆናል፤ የትኛው ላይ እንዳሉ ሳያዩ አይጫኑ።

አጠቃቀሙ ላይ ምክራችን ይህ ነው፦ “ኤ”ን ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ያጥፉ፤ “ቢ”ን በዘይት ቅያሪ ጊዜ ብቻ። ደሴ አጥፍቶ ኮምቦልቻ ላይ ማንበብ፣ ኮምቦልቻ አጥፍቶም ደሴ ላይ ማንበብ ዋጋ የለውም። መኪናው ስንት እንደሚፈጅ ማወቅ የሚፈልግ ደርሶ መልሱን ይለካ።

የሚያሳየው አማካይ ይታመናል?

በግምት ይታመናል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በሊትር አይለካም፤ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ስንት ጊዜና ለምን ያህል ቅጽበት እንደተከፈተ ቆጥሮ ያሰላል። ከእውነቱ ትንሽ ዝቅ አድርገው የሚያሳዩ መኪኖች ብዙ ናቸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የማደያው ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ይሙሉ፤ ከዚያ በኋላ አያስጨምሩ። ትሪፕ “ኤ”ን ያጥፉ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና መጀመሪያ ጠቅ እስኪል ይሙሉ። የገባውን ሊትር በ100 አባዝተው ለኪሎ ሜትሩ ያካፍሉ። 400 ኪሎ ሜትር ሄደው 42 ሊትር ከገባ 10.5 ነው። ዳሽቦርዱ 9.9 ብሎ ከነበረ ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደፊትም ያንን እየጨመሩ ያንብቡት።

አቅጣጫውን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ ውስጥ ያዘነበለ ቦታ ላይ የቆመ መኪና ታንኩ እኩል አይሞላም፤ ጌጁም ተንሳፋፊው ወዳዘነበለበት ይሄዳል።

ከጀሪካን 5 ሊትር ጨመርኩ፤ ጌጁ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ትንሽ ነዳጅ ሲጨመር፣ በተለይ ሞተሩ እንደተነሳ ወይም ቦታው ካዘነበለ፣ ኮምፒውተሩ “ተሞልቷል” ብሎ አይቀበለውም። ጌጁ መንገዱ መኪናውን ሲያንገጫግጨው የሚወዛወዘውን ነዳጅ ላለመቁጠር ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሠራ ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ሜዳ ላይ አቁመው ይጨምሩ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲነዱ ይስተካከላል። የማደያ ምልክቷ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት የታንኩ አፍ በየት በኩል እንደሆነ ታመለክታለች።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የወቅቱ ፍጆታ 0.0 ይላል። ፍሪ አድርጌ ብወርድ የበለጠ አልቆጥብም?

አይቆጥቡም፤ ያባክናሉ። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ 0.0 የሚለውም እውነተኛ ዜሮ ነው። ፍሪ ካደረጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ እየጠጣ ይሠራል፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ከዚያም በላይ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሁለት ቶኑን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ጠመዝማዛ ፍሬን ሲግል ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፣ ዳሽቦርዱ ግን በአብዛኛው ምንም አይልም። የፍሬን ሸራ መብራት የሚለካው የሸራውን ውፍረት ነው፤ ሙቀቱን አይደለም።

አውቶማቲክ ማርሹን ወደ “ኤም” (በእጅ መቀየሪያ) አድርገው በመቀነሻው ወይም ከመሪው ጀርባ ባለው የግራ ጆሮ 3ኛ ወይም 2ኛ ይያዙ። ዙሩ 3,000 አካባቢ መድረሱ አያስደንግጥዎ። ሃይብሪድ ሌክሰስ ከሆነ “ቢ” ላይ ያድርጉት፤ ባትሪው ሲሞላ ሞተሩ ድንገት መጮህ ይጀምራል፤ መኪናውን የሚይዘው በዚህ መንገድ ስለሆነ ብልሽት አይደለም።

የትኛው መብራት ነው “አሁኑኑ ቁም” የሚለው?

ቀይ። ቢጫ “ቶሎ አስመርምር” ነው፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ለመረጃ ናቸው። ሰማያዊ ቴርሞሜትር ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው፤ እስኪጠፋ ዙሩን ከ3,000 በታች ያድርጉት።

ቀይ የዘይት ጣሳ ከበራ ግፊቱ ጠፍቷል። “ጋራዥ ድረስ ልድረስ” የሚባልበት ጊዜ አይደለም፤ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። በዚህ መብራት ጥቂት ደቂቃ መንዳት ሞተር ያስለውጣል። ቢጫ የዘይት ጣሳ ግን ዘይቱ ጎድሏል ማለት ብቻ ነው።

ቼክ ኢንጅን ሳይቋረጥ ከበራ ረጋ ብለው ነድተው ማስመርመር ይችላሉ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር እየሳተ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ጭስ የሚያጣራውን ካታሊስት እያቃጠለ ነው፤ እግርዎን ያንሱና ይቁሙ። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ የብልሽቱን ኮድ ከማጥፋቱ በፊት ጽፎ ይስጥዎ። ርካሹ ስካነር የሞተሩን ኮድ ብቻ ያነባል፤ የኤር ሳስፔንሽን፣ የኤርባግ ወይም የማርሽ ሳጥን ኮድ ለማየት የመኪናውን ብራንድ የሚያውቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ጠበቅ አድርገው ይዩት፤ ላልቶ ብቻ መብራቱን ሊያበራው ይችላል።

የሙቀት ጌጁ መሐል ላይ ነው፤ ውሃው ግን ደሴ ስደርስ ይፈላል። እንዴት ይሆናል?

መርፌው ያታልላል። ሾፌሩ እንዳይጨነቅ ተብሎ ብዙ መኪኖች ላይ ሙቀቱ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ሲለዋወጥ መርፌው መሐል ላይ ተተክሎ እንዲቆይ ተደርጓል። ትክክለኛውን ዲግሪ ስካነር ያሳያል።

ሌላው ከፍታው ነው። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ላይ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲኖር የመፍያው ነጥብ ከ115 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ምንም ያላሳየ መኪና ጢጣን አልፎ ደሴ ሲደርስ መፍላት ከጀመረ ራዲያተር ከመለወጥዎ በፊት ክዳኑን ይለውጡ። የክዳን ላስቲክ ያረጃል፤ ዋጋውም ከራዲያተሩ ጋር አይወዳደርም። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን አይክፈቱ።

ጠዋት ጠዋት የጎማ አየር መብራት ይበራል፤ ቀን ላይ ይጠፋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ በብዛት የሚነሳ ጥያቄ ነው። የጎማ አየር በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ 0.1 ባር ገደማ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር፣ ተነድቶ በሞቀ ጎማ 33 ፒኤስአይ ያስሞላ ሰው ደሴ አድሮ ጠዋት ሲነሳ 4 ፒኤስአይ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ጎማው አስቀድሞ ትንሽ ጎድሎ ከነበረ መብራቱን ለማብራት ይበቃል። ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ነው። ትክክለኛው ልክ በአብዛኛው የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ የፊትና የኋላው ሊለያይ ይችላል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ጎሚስታው የሚሠራው በፒኤስአይ ስለሆነ 2.3 ባር፣ 230 ኪሎፓስካልና 33 ፒኤስአይ አንድ መሆናቸውን ይያዙ።

መብራቱ ሞተር ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ሳይቋረጥ በርቶ ከቀረ ችግሩ የሴንሰር ነው፤ አየር ቢሞሉም አይጠፋም። የእያንዳንዱን ጎማ ቁጥር ከማያሳዩ መኪኖች ብዙዎቹ ደግሞ የጎማዎቹን የዙር ፍጥነት እያወዳደሩ ነው የሚያውቁት፤ ከሞሉ በኋላ ሜኑ ውስጥ ገብተው “ሪሴት” ካላሉት የድሮውን ይዞ ይቀጥላል።

ቢኤምደብሊውዬ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። በምን ልየው?

በስክሪኑ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ማርሹ “ፒ” ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከመኪና መረጃ ወደ መኪና ሁኔታ ከዚያ ወደ ሞተር ዘይት ይግቡና ልኬቱን ያስጀምሩ፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቦታው ሜዳ መሆን አለበት። ደሴ ከተማ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ወደ ቦሩ ሜዳ ሲወጡ ወይም ኮምቦልቻ ሲወርዱ ቢለኩት ይሻላል። በብዙ ሞዴሎች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው 1 ሊትር ያህል ስለሆነ ግማሽ ሊትር ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም ሞተር ይጎዳል።

“ሰርቪስ ኤ” ወይም “ቢ” ሲል ምን ማለቱ ነው? ዘይት ካስቀየርኩ በኋላም አልጠፋም።

መርሴዲስ ላይ “ኤ” ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ቁጥጥር ነው፤ “ቢ” የካቢን ፊልትሮና የፍሬን ዘይትን የመሰሉ ይጨምራል። ቁጥሩ ፊት ኔጋቲቭ ካለ ቀኑ ወይም ኪሎ ሜትሩ አልፏል። ማንም ካልነገረው መኪናው ዘይቱ መቀየሩን አያውቅም፤ ከቅያሪው በኋላ በሜኑ ወይም በስካነር ሪሴት መደረግ አለበት። ሳያስቀይሩ ሪሴት ማድረግ ግን ራስን ማታለል ነው። ፋብሪካው ረጅም ኪሎ ሜትር ቢፈቅድም ለዚህ ዳገትና አቧራ ከ7,500 እስከ 10,000 ባለው እንዲቀየር እንመክራለን።

የዳሽቦርዱ ሰዓት የሐበሻ አልሆን አለኝ።

ሰዓቱን ከሳተላይት የሚወስድ መኪና ቢያስተካክሉትም ይመልሰዋል። አውቶማቲክ የሚለውን ያጥፉ፤ ከዚያ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይውሰዱት። እንዲህ ሲደረግ የስክሪኑ ቀን የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ለእኛ አቆጣጠር የሚስማማም ነው። ቀኑን ግን ፈረንጅኛውን እንዳለ ይተዉት፤ የሰርቪስ ቆጣሪው በእሱ ነው የሚያሰላው።

ከዱባይ የመጣና ሜኑው አረብኛ የሆነ መኪና ከሆነ ማንበብ የሚችል ሰው ወሎ ውስጥ አይጠፋም፤ “ሉጋ” (ቋንቋ) የሚለውን ይፈልግልዎ።

መኪናው 100 ሲል ስልኬ 95 ይላል።

ስልኩ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ፍጥነት አመልካች ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ እንዳያሳይ ዓለም አቀፉ ደንብ ስለሚከለክል ፋብሪካዎች ትንሽ ከፍ ያደርጉታል። የጎማ ልክ ሲለወጥ ግን ሌላ ነው። 225/50 ባለ 17 ጎማ በ225/55 ቢተካ ዙሪያው 3.4 በመቶ ይጨምራል፤ ቆጣሪው 100 ሲል የተሄደው 103.4 ነው፤ የነዳጅ አማካዩም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይታያል።

ሲገዙ ደግሞ ቆጣሪው ማይል እንዳይሆን ይጠንቀቁ። 80,000 ማይል 128,700 ኪሎ ሜትር ነው።

መብራቶቹ ሁሉ ባንዴ በሩ፦ ኤቢኤስ፣ መሪ፣ ኤርባግ፣ ማርሽ።

አራት ነገር ባንድ ሌሊት አይበላሽም። ባትሪውን ያስለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት፣ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ገደማ መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12 አካባቢ ከቆመ ዲናሞው አይሞላም። ባትሪ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ የመንሸራተት መብራት ብቻ ከቀረ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረው ጥቂት ሜትር ይንዱ፤ በብዙ መኪኖች ይጠፋል። ቢኤምደብሊው ላይ አዲስ ባትሪ በስካነር መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ እንደ አሮጌው ስለሚሞላው ዕድሜው ያጥራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት። ደሴ 100 ሞልቼ ስወርድ ወደ ባትሪው የሚመለሰውን አያሳይም።

ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። መልሱ አጭር ነው፦ የሞላ ባትሪ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ኮምፒውተሩ የመመለሻውን ኃይል ይገድበዋል፤ መኪናው እግርዎን ሲያነሱ እንደለመደው አይያዝም፤ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የደሴ ነዋሪ ጠዋት የሚወርድ ከሆነ ማታ ቻርጁን 85 ወይም 90 ላይ እንዲቆም ያድርገው።

ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ከፍታ ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 18 የሚፈጅ መኪና ሲወጡ ከ30 በላይ፣ ሲወርዱ ከ10 በታች ቢያሳይ ጤነኛ ነው። የኤሊ ምልክት ከበራ ግን ባትሪው ስላነሰ ወይም ሙቀቱ ልክ ስላልሆነ ጉልበቱ ተገድቧል፤ ዳገት አይጀምሩ።

መስታወቱ ላይ የሚታየው ፍጥነት መነጽር ሳደርግ ይጠፋል።

መነጽሩ ፖላራይዝድ ነው። ያውልቁት ወይም ሌላ ዓይነት ይግዙ፤ መኪናው ምንም አልሆነም።